የጋሼ ጓዳ

ሠላሳዎቹን አጋምሳ፣ ሁለት ልጆች ወልዳ፣ ሽበት ጣል ጣል ማለት ጀምሯት እንኳ ሆስፒታሉ ውስጥ «ጩጬ» ነበር የሚሏት። ኮምፒውተር ክፍል ስትቀጠር ከሁሉም ታናሽ ስለነበረች ጋሼ ያወጡላት ስም ነው። ከዚያ ወዲህ በዕድሜ የሚያንሷት ስንትና ስንት ሰዎች መጥተው ሄደዋል፤ ስሙ ግን እሷው ላይ ተጣብቆ ቀረ። ቅር ብሏት አያውቅም። በስም የሚጨነቅ ሰው ሥራ የፈታ ነው ባይ ናት፤ ሥራ ላይ ደግሞ የምትፈራው ሰው የለም።

ጋሼ የክፍሉ ኃላፊ ናቸው። የእሳቸውንም እውነተኛ ስም ከደመወዝ ከፋዩ በቀር የሚያስታውስ ያለ አይመስልም። ሰርቨሩን ከካርቶኑ አውጥተው የተከሉት፣ ገመዱን የዘረጉት፣ የካርድ ክፍሉን፣ የላብራቶሪውንና የፋርማሲውን አፕሊኬሽኖች አንድ በአንድ የጫኑት እሳቸው ናቸው። ክፍሉ ምድር ቤት ነው። ከላዩ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች ስላሉ ጣሪያው ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል፤ ሰርቨሩ ያለበት የመስተዋት በር ሲከፈት ደግሞ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ጋሼ ውጭ ፀሐይ ሰው እየጠበሰች እንኳ ሹራባቸውን አያወልቁም።

አሁን ስለ ጓዳው ማወቅ ያስፈልጋል፤ ጸቡ ሁሉ የመጣው በእሱ ነውና።

አንድ አፕሊኬሽን ብቻውን አይሠራም። ቀን የሚቆጥርለት፣ ፋይል የሚያነብለት፣ መረጃ የሚያወጣለትና የሚያስገባለት፣ ሌሎች ሰዎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ ያስፈልገዋል። ላይብረሪ ይሉታል። ጋሼ ሰርቨሩን በተከሉበት ዘመን የማሽኑ ሜሞሪ ዛሬ በኪስ ከሚያዝ ስልክ ያነሰ ነበርና፣ ላይብረሪዎቹን ሁሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ሰብስበው ሦስቱም አፕሊኬሽኖች ከዚያው እንዲጠቀሙ አደረጉ። አንድ ግቢ ያሉ ተከራዮች በአንድ ጓዳ እንደሚጠቀሙት ማለት ነው። ፎልደሩም «ጓዳ» ተባለ። ያኔ ትልቅ ብልሃት ነበር፤ ይህን የሚክድ ሰው ዐይኑን በጨው የታጠበ ነው።

ችግሩ ማሽኑ ተቀይሮ፣ ሜሞሪው ሞልቶ ተርፎ፣ ጓዳው ግን እንዳለ መቅረቱ ነው። ከጋሼ በቀር የሚነካው የለም። አንድ ላይብረሪ በአዲስ ቨርዥን መተካት የፈለገ ሰው ወንበራቸው አጠገብ ቆሞ ይለምናል። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው «ላንተ ሲባል ሌላው ይታመም?» ይላሉ፤ ነገሩም እዚያው ላይ ይሞታል። አባባላቸው ውሸት አልነበረም። አንድ ጊዜ ከውጭ የመጣ ባለሙያ ጋሼ እረፍት ላይ ሳሉ የቀን መቁጠሪያውን ላይብረሪ በአዲስ ተክቶት፣ ካርድ ክፍሉ ቀን መቁጠር ጠፍቶበት ነበር። አንድ ዕድሜ የጠገቡ አዛውንት ገና አልተወለዱም ተብለው ከመስኮቱ ተመለሱ። አዛውንቱ ተናደዱ፤ ሆስፒታሉ ግን ሳምንት ሙሉ ሳቀ።

አሁን ደግሞ አዲስ የቀጠሮ አፕሊኬሽን ሊጫን ነው። ታካሚዎች ከቤታቸው ሆነው ተራ የሚይዙበት ነው፤ ሌሊት እየተነሱ በር ላይ መሰለፍ ሊቀር ነው። እና ይህ አፕሊኬሽን ያንኑ አዲሱን የቀን መቁጠሪያ ካላገኘሁ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ካርድ ክፍሉ ደግሞ ከአሮጌው ወዲያ ሌላ አላይም ባይ ነው። በአንድ ጓዳ ሁለቱ አይኖሩም።

ጩጬ ለዚህ መልስ ነበራት። ስብሰባ ላይ ተነስታ ተናገረችው።

«ጓዳው ይቅር» አለች። «እያንዳንዱ አፕሊኬሽን የሚያስፈልገውን በየራሱ ቦርሳ ይያዝ። ካርድ ክፍሉ አሮጌውን፣ ቀጠሮው አዲሱን። ማንም ማንንም አያስቸግርም።»

ስብሰባውን የሚመሩት ዳይሬክተሯ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶአቸው መታ መታ አደረጉ። ጋሼ በሳምንቱ መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። ሰርቨሩን እኛ እናስተዳድርላችሁ የሚል የውጭ ድርጅትም ደጅ ላይ ቆሟል።

«ሥራ ሳይቆም ትጨርሺዋለሽ?» አሉ።

«በምሳ ሰዓት እጨርሰዋለሁ። ከምሳ የሚመለስ ሰው ምን እንደተደረገ እንኳ አያውቅም።»

«እንዳልሽው ከሆነ የጋሼ ወንበር ያንቺ ነው። ካልሆነ ግን ሰዎቹን እጠራለሁ፤ እንዳትቀየሚኝ።»

ጩጬ ወንበሩን ትፈልገዋለች። አታፍርበትም። ስንት ዓመት ሙሉ መልሱን እያወቀች «ጋሼ ይፍቀዱ» እያለች የኖረችበት ክፍል ነው፤ አሁን እሷ የምትፈቅድበት እንዲሆን ፈለገች። የከበዳት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጓዳው ይቅር ስትል ጋሼ ቃል አልተነፈሱም። መነጽራቸውን ጠራርገው መልሰው አደረጉት፤ በቃ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

በተባለው ቀን የምሳ ሰዓት ሲደርስ ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ጩጬ ቀደም ብላ በሌላ ማሽን ላይ ሁሉንም ሞክራዋለች። የካርድ ክፍሉን ከነቦርሳው አስነስታ ከሠራተኛው ጋር ፈተሸችው፤ ሠራ። የላብራቶሪውን ከላብራቶሪው ሰው ጋር ፈተሸችው፤ ሠራ። የፋርማሲውንም እንደዚሁ። በዚህ ሆስፒታል ደንቡ እንዲያ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን አይቶ «የኔ ደህና ነው» ይልና ይፈርማል። የጎረቤቱን የሚያይ የለም።

ጋሼ የበኩላቸውን ዝግጅት አድርገው ነበር። የድሮውን ጓዳ እንዳለ ሌላ ዲስክ ላይ ቀድተው፣ ሁሉንም ወደ ነበረበት የሚመልሰውን ትእዛዝ ስክሪናቸው ላይ ጽፈው አስቀመጡት። የቀረው የኢንተርን ቁልፍ መጫን ብቻ ነው።

«አላመኑኝም ማለት ነው?» አለች ጩጬ።

«አንቺን አምናለሁ። ማሽን ነው የማላምነው» አሉ ጋሼ።

ሰርቨሩን አጠፋች። ከጓዳው ውስጥ ያለውን ሁሉ ለየባለቤቱ አከፋፍላ በየቦርሳው ከተተች። ማስተካከያው ላይ ደግሞ እያንዳንዱ አፕሊኬሽን መጀመሪያ የራሱን ቦርሳ እንዲፈትሽ፣ ከዚያ ካጣ ብቻ ወደ ጓዳ እንዲሄድ አዘዘች። ባዶ ጓዳ ማን ይሄዳል ብላም ፈገግ አለች። አስነሳችው። ካርድ ክፍሉ ተከፈተ፤ ያ ቀን የጠፋበት ካርድ ክፍል የሁሉንም ዕድሜ በትክክል አወጣ። ላብራቶሪው ተከፈተ። ፋርማሲው ተከፈተ። ቀጠሮውም አዲሱን ቀን መቁጠሪያውን ይዞ ሙሽራ መስሎ ብቅ አለ።

ጩጬ ወንበሯ ላይ አንድ ዙር ተሽከረከረች። «እንግዲህ ምሳዎን መብላት ይችላሉ፣ ጋሼ!»

«አልራበኝም» አሉ ጋሼ። ትእዛዙ አሁንም ስክሪናቸው ላይ ነበር።

ሰው ከምሳ ተመልሶ ትንሽ እንደቆየ ስልክ ጮኸ። የደወለችው የጩጬ ታላቅ እህት ናት። የፋርማሲው ኃላፊ እሷ ናት፤ ቤት ውስጥ ያላትን ሥልጣን ሥራ ቦታም አትረሳውም።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነካክተሽ ነው?»

«ምነው እቴቴ?»

«የላብራቶሪ ውጤት አይመጣልኝም! የበሽተኛው ስም አለ፣ መድኃኒቱ አለ፣ ውጤቱ ጋ ስደርስ ቀይ ጽሑፍ ይወጣብኛል። ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው የዛሬውን ውጤት ሳላይ ስንት ልስጠው? በግምት ልስፈርለት?»

«የሚቸኩለውን ሰው ውጤት ለጊዜው በወረቀት ከላብራቶሪ አስመጪ። እኔ አሁኑኑ አየዋለሁ።»

«አሁኑኑ ማለት አሁን ነው። ሰልፉ ደረጃው ጋ ደርሷል።»

ጩጬ የሰርቨሩን መልእክት ከፈተች። ጋሼም ወንበራቸውን ጎትተው አጠገቧ መጡ። ስክሪኑ ላይ የተጻፈው ነገር ሰው ቢናገረው ጤና የለውም የሚያሰኝ ነበር፦ «ውጤት ወደ ውጤት ሊለወጥ አይችልም» ይላል።

«ይሄ ምን ማለት ነው?» አሉ ጋሼ። «ውጤት ውጤት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?»

 ጩጬ ውጤት የሚለውን ስም ታውቀዋለች። ላብራቶሪው ምርመራ ሲጨርስ ያገኘውን «ውጤት» በምትባል ትንሽ ላይብረሪ አሽጎ ሰርቨሩ ሜሞሪ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ፋርማሲው ከዚያ አንስቶ ይከፍታል። ጓዳው ውስጥ ከነበሩት ላይብረሪዎች ሁሉ ከውጭ ያልመጣች እሷ ብቻ ናት። የጻፏት ጋሼ ናቸው፣ በገዛ እጃቸው። ጩጬም እንደ ሌሎቹ ሁሉ አንድ ቅጂ ለላብራቶሪው ቦርሳ፣ አንድ ቅጂ ለፋርማሲው ቦርሳ ሰጥታ ነበር።

«ቅጂዎቹ ይለያያሉ?» አሉ ጋሼ።

«ፊደል በፊደል አንድ ናቸው።»

«ታዲያ?»

«ሰርቨሩ በስም ብቻ አይደለም የሚያውቃቸው። ከየት እንደወጡም ያያል። ከላብራቶሪው ቦርሳ የወጣችውና ከፋርማሲው ቦርሳ የወጣችው ለእሱ ሁለት ባዕዶች ናቸው። ላብራቶሪው የሰጠውን ፋርማሲው 'ይቺማ የኔዋ ውጤት አይደለችም' ብሎ ይመልሰዋል።» ስትናገር እየጠራላት መጣ። «አንድ ቦታ መሆን አለባት። ሁለቱም ከአንድ ቦታ መውሰድ አለባቸው።»

«ጓዳ ውስጥ ነዋ!» አሉ ጋሼ።

«እሷ ብቻ» አለች ጩጬ። «እሷን ብቻ ነው የምመልሰው።»

መለሰቻት። ሰርቨሩን አጥፍታ አስነሳች። ጣሪያው ላይ ማጠቢያው ያጉረመርማል፤ ጋሼ ጺማቸውን ይፈትጋሉ። አፕሊኬሽኖቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ። ጩጬ በፋርማሲው በኩል የአንድ በሽተኛ ውጤት ጠራች። ያው ቀይ ጽሑፍ መጣ፦ ውጤት ወደ ውጤት ሊለወጥ አይችልም።

ጽሑፉን ደግማ አነበበችው።  ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«ጩጬ፣» አለች እህቷ። አሁን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች፤ እህቷ የምታስፈራው ስትጮህ ሳይሆን እንዲህ ስትሆን ነው። «ወረቀት የሚያመላልስልኝ ሰው እግሩ ዝሏል። የላብራቶሪ ሰዎቹም ከኛ አቅም በላይ ነው እያሉ ነው። ዳይሬክተሯ መስኮቱ ጋ መጥተው አይተውታል፤ ወደናንተ እየወረዱ ነው። እወቂው ብዬ ነው።»

ጋሼ ተነስተው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ጣታቸውን ኢንተሩ ላይ አሳረፉ።

«ይበቃል» አሉ። «እመልሰዋለሁ።»

«ጋሼ፣ ይቆዩ!»

«ምን እቆያለሁ? የታመመ ሰው መድኃኒት ቆሞ እየጠበቀ ነው። ያንቺን ወንበርና የኔን ጓዳ ለሌላ ቀን እናቆየው።»

እውነታቸውን ነው፤ እውነት መሆኑ ነው አንጀቷን ያሳረራት። ቁልፏ ብትጫን ሁሉም እንደነበረ ይሆናል። ሰልፉ ይበተናል፣ እህቷ ትተነፍሳለች። የቀጠሮው አፕሊኬሽን ግን ከማሽኑ ተመልሶ ይወጣል፣ ሰው ሌሊት እየተነሳ በር ላይ መቆሙን ይቀጥላል። እሷም ነገ ለማታውቃቸው የድርጅት ሰዎች የመስተዋቱን በር ስትከፍት ትውላለች። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አየችው። ያየችው ግን እሱን ብቻ አልነበረም። የሥራዋ ጠባይ ሆኖ ሐሳቧ ከፍርሃቱ ሥር ሥሩን ይሄድ ነበር፤ ሰርቨሩ ሲነሳ ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ምን ይፈትሻል? ማን አዘዘው?

«እኔ ነኝ ያዘዝኩት!» አለች ጮክ ብላ።

«ምኑን?»

«መጀመሪያ የየራሳችሁን ቦርሳ ፈትሹ ያልኳቸው እኔ ነኝ! ውጤትን ጓዳ አስገባሁ እንጂ ከየቦርሳቸው አላወጣኋትም። እዚያው እጃቸው ላይ እያገኟት ጓዳ ምን ያስኬዳቸዋል? ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ላስነሳው። ካልሠራ ኢንተሯን ራሴ መጥቼ እጫናታለሁ።»

ጋሼ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አዩዋት። ለመነች ቢባል ውሸት ነው። የነገረቻቸው ሥራውን ነው፤ እሳቸውም የሰሙት እንደ ሥራ ነው። ከንፈራቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ከላብራቶሪው ቦርሳ ወደ ጓዳ፣ ከፋርማሲው ቦርሳ ወደ ጓዳ እየሄዱ መንገዱን በልባቸው ሲከተሉት ያስታውቅ ነበር። ከዚያ ጣታቸውን ከኢንተሩ ላይ አነሱ።

«ከሁለቱም አውጫት» አሉ። «ካንዱ ብቻ እንዳትሆን።»

«ከሁለቱም» አለች ጩጬ።

አወጣቻት። አጥፍታ አስነሳች።  ጩጬ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስክሪኑን ብቻ ታያለች። ይሠራል፤ ታውቃለች። ማወቅና ማየት ግን ለየቅል ነው። ካርድ ክፍሉ፣ ላብራቶሪው፣ ፋርማሲው፣ ቀጠሮው ተከፈቱ። የበሽተኛውን ስም ጻፈችና ጠራችው። ቀይ ጽሑፍ አልመጣም። ቁጥሩ መጣ፣ ሰዓቱ መጣ፣ የመርማሪው ስም ከሥሩ መጣ። ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዞ ተደረደረ።

ስልኩ ጮኸ።

«መጣልኝ!» አለች እህቷ። «ሁሉም መጣልኝ። ቆይ፣ አትዝጊው... አዎ፣ የደም ማቅጠኛው በሽተኛም ውጤት መጥቷል። በይ ወደ ሥራዬ ልሂድ። ቤት ስንገናኝ ግን እሰድብሻለሁ።»

«ስደቢኝ፣ ግድ የለም» አለች ጩጬና ዘጋችው። ሳቋ ሳታስበው አመለጣት፤ እንባም ነገርም ያለበት ሳቅ ነበር።

ጋሼ ወንበራቸውን መልሰው አጠገቧ ጎትተው ስክሪኗ ላይ ጓዳውን ከፍተው ያያሉ። ድሮ ወደ ታች እየጎተቱ የማይጨርሱት ፎልደር ነበር። አሁን አንዲት ፋይል ብቻ ናት ያለችው።

«የጻፍኳት የመጀመሪያ ልጄ በተወለደች ሰሞን ነው» አሉ። «እንቅልፍ የለኝ፣ ምን የለኝ። ሌሎቹን ሁሉ ከሰው ነው ያመጣኋቸው።»  «እኔ ብሆን የትኛዋ መመለስ እንዳለባት ሳላይ ሁሉንም ነበር የምመልሰው። አጣርቼ አልነበረም።»

«ልክ ነበሩ እኮ፣ ሰው ቆሞ እየጠበቀ ነበር።»

«ልክ ነበርኩ» አሉ ጋሼ። «ግን አጣርቼ አልነበረም።»

 ጩጬ እቅፍ አድርጋ ልትስማቸው አማራት፤ ግን በዚህ ክፍል ሰው የሚተቃቀፍበት ልማድ ኖሮ አያውቅም።

በሩ ተከፈተና ዳይሬክተሯ ገቡ። ደረጃውን በችኮላ ስለወረዱ ትንፋሻቸው ተቆራርጧል። ፊታቸው ላይ ገና ያልወጣ ቁጣ ነበር፤ የፋርማሲው ሰልፍ መበተን መጀመሩንም በመንገዳቸው ያዩ ይመስላል፣ ቁጣውን የት እንደሚያደርጉት የቸገራቸው መስለዋል። እንደ ልማዳቸው ጩጬን አለፏትና ቀጥታ ወደ ጋሼ ሄዱ።

«ቆሞ ነበር አይደል?»

«ቆሞ ነበር» አሉ ጋሼ። «አሁን ይሠራል።»

«እርግጠኛ ነዎት? ነገ እንደገና ቢቆምስ? ቀጠሮው ነገ ጠዋት ይጀምራል ብዬ ለቦርዱ ልናገር ነው። እርስዎ ይንገሩኝ፤ ይጀምራል ወይስ አይጀምርም?»

ጋሼ ከወንበራቸው ተነሱ። ሹራባቸውን ከፊት ቆለፉት፣ ወደ ግድግዳውም ጠጋ አሉ።

«እኔን ምን ይጠይቁኛል?» አሉ። «ኃላፊዋን ይጠይቋት እንጂ።»

ዳይሬክተሯ ዞሩ። ጩጬ ይህን ቃል ለመስማት ስንት ዘመን ጠብቃለች፤ ሲመጣ ግን ደስታው ሙሉ አልሆነም። ሰውየው ገና ከክፍሉ ሳይወጡ ናፈቋት። እስከዛሬ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ ዐይኗ ሳታዘው ወደ ጋሼ ይሄድ ነበር፤ ግንባራቸው ላይ ያለውን መነጽር አይታ ነበር ይሆናል ወይ አይሆንም የምትለው።

«ይጀምራል» አለች፣ ወደ ጋሼ ሳትዞር።